የሙቀት መለኪያው አደራ

እኛ የራሳችንን ዕቃ ጥለን የሰው ዕቃ የምንጠብቅ ሰዎች ነን። የራሳችን ጃንጥላ ታክሲ ውስጥ ቢቀር ደንታ አይሰጠንም፤ ጎረቤት «እስክመለስ ያዝልኝ» ያለንን ወልጋዳ ወንበር ግን ከዝናብ አስገብተን፣ እኛ ደጅ ልናድር ምንም አይቀረን። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባል የለ? ሰማዩ ሰሞኑን ቀርቦ ሰፈራችንን ካራን እየጠበሰ ነው እንጂ፣ ተረቱስ እውነት ነው።

ስለ ጥብሱ ልንገራችሁ። ኮርኒስ ወደሌለው የቆርቆሮ ቤት በበጋ እኩለ ቀን ላይ እንግዳን «ይግቡ» ማለት ግፍ ነው። የጎረቤቴ የእትዬ በላይነሽ ቤት እንዲህ ያለ ነው። ደም ግፊት ስላለባቸው ሙቀቱ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ታዲያ ሰላም የምትባል ተመራማሪ፣ ይህ የአየር ንብረት ለውጥ በድሃውም በሀብታሙም ጤና ላይ እኩል ይጨክን እንደሆነ ልታጠና መጣች። በሲ.ኤም.ሲ ቪላዎችና በካራ ቤቶች ትንንሽ የሙቀት መለኪያ ትሰቅላለች፤ መለኪያው የለካውን በስልክ መስመር ይልክላታል፤ ሙቀት የባሰበት ቤት ኮርኒስ ይሠራለታል። ሰፈሩ ሁሉ እትዬን አስቀድሞ «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሏቸው ነበር።

ሰላም እትዬ ቤት ሰቅላ ስትወጣ ግን አንዲት ቃል አመለጠቻት።

«እማማ፣ ውድ ዕቃ ነውና አደራ!»

ጉድ ፈላ። ውጤቱ ሲመጣ ከየካ ክፍለ ከተማ ሁሉ ቀዝቃዛው ቤት የእትዬ በላይነሽ ሆኖ ተገኘ። እንጦጦ ማርያም እንኳ እንዲህ አይቀዘቅዝም! «በሙቀት የተጎዱ» የተባሉትስ? ንፋስ ይመታኛል ብለው መስኮት የማያስከፍቱ አንድ የሲ.ኤም.ሲ ጡረተኛ። ኮርኒሱ ለእሳቸው ሊሠራ ሆነ። ኮርኒስ አላቸው፤ ያውም ባለ አበባ።

ሰላም የቅዝቃዜውን ምስጢር ልትጠይቅ መጣች፤ እኔም ተከትያት ገባሁ። ገና ሳትቀመጥ ላብ በላብ ሆና ጃኬቷን አወለቀች።

«እማማ፣ መለኪያው የታለ?»

እትዬ በኩራት ጎንበስ ብለው፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ ቅቤ ከእንስራው ሥር አወጡ።

«ይኸው ልጄ፣ ጨርቁን ጠዋት ማታ እያራስኩ አቆየሁልሽ። በዚህ ሙቀት ተሰቅሎ ቢቃጠልብኝ ምን እመልስልሻለሁ?»

«እትዬ፣ ኮርኒስዎን እኮ በእርጥብ ጨርቅ አፍነው ገደሉት!» ብዬ ጮህኩ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴ አሮ ነበር።

«አደራ በላች ከምባል ልቀቀል» አሉኝ።

ሰላም ሳቋን ስትጨርስ እንደገና ልትለካ ተስማማች። መለኪያውን ከግድግዳው ሰቅላ፣ «እማማ፣ እንዳያወርዱት። ይሙቀው፤ ሥራው ነው» አለቻቸው። እትዬ እንዳያወርዱት በማርያም ማሉ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በደጃቸው ሳልፍ ወደ ውስጥ አየሁ። እትዬ በላይነሽ መሐላቸውን አላፈረሱም፤ መለኪያው ከተሰቀለበት አልወረደም። እሳቸው ግን በርጩማ ላይ ቆመው፣ ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው እየወረደ፣ በከሰል ማራገቢያ ያራግቡለታል።

«አይዞህ» ይሉታል።