ከትርፉ ላይ ብቻ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ከዓመታት በፊት አንድ ማክሰኞ ዕለት ነው፤ ደመወዝ በተጨመረልኝ ቀን። አትሳቁ። ጭማሪው ከፍ ወዳለው የግብር እርከን አሻገረኝና የመሥሪያ ቤታችን የሒሳብ ኃላፊ ተሾመ አዲሱን ተመን በጭማሪው ላይ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላ ደመወዜ ላይ ጫነው። አድጌ አነስኩ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነውና ስህተቱን በሁለት ገጽ ማመልከቻ፣ በአንቱታ አስረዳሁት። መልስ አልመጣም። የመጣው በእሱ ፊርማ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መዛወሬ ነው። «የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው፣ የተማረውን ማን እንደሚገድለው ሳይነግረን ሄደ።

ድሬዳዋ ግን ለቂም የምትመች ከተማ አይደለችም። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰፈራችንን ከዚራን ያስተኛታል። የዛፎቹ ጥላ አስፋልቱ ላይ እንደ ውሃ ይዋልላል፣ ባጃጁ ራሱ እያንቀላፋ የሚያልፍ ይመስላችኋል። እኛ በዚህ ሰዓት ጫታችንን ይዘን ባለሱቁ አብዲ ቤት እንሰበሰባለን፤ ምርቃናው ሲገባ ደግሞ አገር እንመሠርታለን። ፓርላማ ያላት ሪፐብሊክ ናት። አብዲ አፈ ጉባኤ፣ እኔ የገንዘብ ሚኒስትር። በሕልም እንኳ ሹመት ደግ ነው።

ግብራችን ጫት ነው። አንድ እስር ያመጣ ነፃ ነው፤ ከአንድ እስር በአንዲት ቀንበጥ ያስበለጠ ግን ካመጣው ሁሉ ሲሶውን ምንም ሳይዙ ለሚመጡት፣ ለባዶ እጆች ይሰጣል። እንግዲህ ቸሩ ሰው ከሁላችን ያነሰ ታቅፎ ይቀመጣል ማለት ነው። ውሎ አድሮ ሁሉም አንዳንድ እስር ብቻ ይዞ መምጣት ጀመረ፤ ባዶ እጆችም ባዷቸውን ቀሩ።

ባለፈው ሳምንት የማሻሻያ አዋጅ አቀረብኩ። «ግብሩ ከአንድ እስር በላይ ካለው ትርፍ ላይ ብቻ ይሁን!»

«አቦ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው ይሄን ለማለት ነው?» አለ አብዲ። «ወላሂ፣ ይሄንንማ ፍየሌም ታውቀዋለች!»

«ፍየልህ የሒሳብ ኃላፊ ብትሆን ኖሮ እኔ ግምጃ ቤት አልገባም ነበር» አልኩት።

ድምፅ ተሰጠ። መጀመሪያ የወጣው እጅ ከጥግ ነበር፤ ከባዶ እጆች ሁሉ ባዶ የሆነው፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከመካከላችን የማይጠፋው ሰው እጅ። አዎ፣ ተሾመ።

«ልክ ነው!» አለ፣ ዓይኑን በግማሽ ከድኖ። «ከትርፉ ላይ ብቻ! ሌላው ግፍ ነው።»

አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እያንዳንዱ በየራሱ ደመና ላይ ወጣ። በምርቃና ዝም ያለን ሰው ማባነን በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አዋጁ እንደሚጸድቅ ተማምኜ ያን ቀን ከአንድ እስር በላይ ይዤ ነበርና፣ በአዋጁ መሠረት ከትርፌ ላይ ለምለሙን ቀንበጥ መርጬ ዘረጋሁለት። ሊቀበል እጁን ሲሰጠኝ፣ እጁን ያዝኩትና ጠየቅሁት።

ተሾመ፣ በማመልከቻዬ አንቱ ብዬህ ነበር። ድሬ ላይ አንቱታ የለምና አሁን እንደ አገሩ ልጠይቅህ። ያኔ አልገባህም ነበር፣ ወይስ ገብቶህ ነው ወደ ግምጃ ቤት የሰደድከኝ? መልስልኝ።