ክብርት አክስት በራጅ ክፍል

ሐኪም ቤት ለማጀብ የተፈጠረች አንዲት አክስት የሌለችበት ቤተሰብ የለም። ሐኪሙ የሚያየው ሌላ ሰው፣ መልስ የምትሰጠው እሷ!

የራጅ ባለሙያው የሚያውቃቸው ክብርት አክስት የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናቸው። የእህታቸውን ልጅ በየስድስት ወሩ ለልጆች አጥንት እድገት ጥናት ያመጧታል። ጤነኛ ልጆች ቅልጥማቸውን በራጅ መሣሪያው ቀለበት ውስጥ አስገብተው ፎቶ ይነሳሉ፤ ሲያድጉ አጥንታቸው እንዴት እየወፈረና እየጠነከረ እንደሚሄድ ይታያል። ከልጆቹ የሚጠበቀው ሦስት ደቂቃ ሳይነቃነቁ መተኛት ብቻ ነው።

«ዕድሜሽ ስንት ሆነ?» ይላል ባለሙያው።

«ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር! እኔን ጠይቀኝ እንጂ» ይላሉ ክብርት አክስት። ቀጥለው የልጅቷን ቀሚስ ጫፍ ገልበው፣ ቀሚሱ ባጠረ ቁጥር እየተፈታ የረዘመበትን የድሮ ስፌት መስመር ሁሉ ያስቆጥሩታል። «ይኸው እድገቷ! ለዚህ ደግሞ መሣሪያ?»

አንድ ቀን ባለሙያው ለአፍታ ወጣ ብሎ ሲመለስ፣ ክብርት አክስት ተራ ለሚጠብቁ እናቶች ስለ መሣሪያው አሠራር ሲያስረዱ ደረሰ። በጣታቸው የሚያሳዩት ግን የወረቀት ማተሚያውን ነበር።

ፎቶው ሲነሳም ዝም አይሉም። የጎረቤት ሠርግ፣ የጉልበታቸው ሕመም፣ የሽንኩርት ዋጋ ሁሉ ይወራል። ባለሙያው ስድስቱንም ጊዜ ጥርት ያለ ፎቶ ያነሳው በራሱ ችሎታ ስለመሰለው፣ በሰባተኛውና በመጨረሻው ቀን ሊያስወጣቸው ቆረጠ።

«እማማ፣ ዛሬ እንኳ ውጭ ይጠብቁን።»

ክብርት አክስት ነጠላቸውን ሰብስበው ተኮሳትረው ወጡ። ባለሙያው እፎይ አለ። ክፍሉ ጸጥ ረጭ እንዳለ ልጅቷ በሁለተኛው ደቂቃ ወደ በሩ ዞር አለች፤ እግሯም አብሮ ዞረ። ፎቶው ተበላሸ።

መድገም የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያም ከተበላሸ ልጅቷ ከጥናቱ ትወጣለች፤ የሦስት ዓመት ልፋት ከንቱ ይቀራል። ባለሙያው ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ።

«ምነው፣ እስከ ዛሬ ተነቃንቀሽ አታውቂም እኮ?»

«አክስቴ ስታወራ መነቃነቅ አይቻልም» አለች ልጅቷ። «ቤትም እንደዛ ነው። አባዬም አይነቃነቅም።»

ባለሙያው በሩን ከፍቶ አንገቱን ደፋ። «እማማ፣ ይግቡ። እባክዎ... ያውሩልን።»

«ምን ላውራ?»

«ያሰኙትን።»

ክብርት አክስት ተቀመጡና ከጉልበታቸው ጀመሩ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም፤ ባለሙያውም እንደዚያው። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የወጣው አጥንት ክብ፣ ድፍን፣ ጥርት ያለ ነበር። የባለሙያው ደስታ ፊቱ ላይ አበራ።

«አለቀ አይደል? በቃ፣ ከእኔም ተገላገልክ» አሉ ክብርት አክስት ቦርሳቸውን እያነሱ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ምነው በቀሩ ሲል የኖረው ሰው በሩን ይዞ ቆመ። በመጪው ወር ጥናቱን የሚጀምሩት አዲሶቹ ሃያ ሕፃናት ታወሱት።

«እማማ» አለ፣ «ሌላ የእህት ልጅ የለዎትም?»