የሊቀ አቋራጭ ቁልፎች

ኮምፒውተር ባለበት ቢሮ ሁሉ አንድ ሊቀ አቋራጭ አይጠፋም። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ፊት ይጎለታሉ፤ እኛ ፊደል ለቅመን የምንጽፈውን ረጅም ትእዛዝ እሳቸው በሁለት ቁልፍ ይጨርሱታል። የእኛው ሊቅ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ጣት አይባክንም!" ይላሉ።

መከራው ሌላ ሰው ኮምፒውተራቸው ላይ ሲቀመጥ ነው። አንድ ቀን አንዲት ቃል ልሰርዝ ብዬ የለመድኩትን ቁልፍ ብጫን የቢሮውን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያገናኘው ሰርቨር ጠፋ፤ ሦስት ፎቅ ሙሉ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ዋለ።

"ጋሼ፣ ምን አድርገውት ነው?"

"መሰረዣውን ወደ ግራ አዛውሬዋለሁ። ምን ቆርጦህ ነካህ?"

ደግሞ አንዴ አዛውረው አይተዉትም። የጓዳ ዕቃ ቦታ በየጊዜው እንደምትቀያይር አማት ናቸው። ቆሽቴ አረረ።

አለቃችንም መረረውና "የሁሉም ሰው ቁልፍ አንድ ዓይነት ይሁን! በዚያ መሥራት ያቃተው ይሰናበታል" አለ። ሊቁ ቁልፎቻቸውን የደነገጉበትን ፋይል እንዳጠፋ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። አልዋሽም፣ እሰይ አልኩ።

ላጠፋው ስል ከፈትኩት። ከየለውጡ ጎን ቀንና ማስታወሻ አለ። "ትንሿ ጣት እንቢ አለች፤ ወደ ግራ ተዛውሯል።" ከሰባት ወር በኋላ፦ "የቀለበት ጣትም።" ዘንድሮ፦ "የመሐል ጣት።" ሁሉም የቀኝ እጅ ናቸው። እኔ እኮ ያንን እጅ ኪስ የከተተው ኩራት መስሎኝ ነበር! በራሴ አፈርኩ።

ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ሁሉንም አንድ ዓይነት አደረግሁት። የእሳቸውን ፋይል በዐሥራ አንዱም የክፍላችን ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ባልደረቦቼ አፍ አውጥተው ረገሙኝ። አለቃ መጥቶ አየ፤ አንድ ዓይነት ነው። ተመልሶ ሄደ።

ሊቁ ግን ማስታወሻቸውን እንዳነበብኩ ወዲያው ገባቸው።

"ሐኪም ምን አለ፣ ጋሼ?" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"አይመለስም አለ። አሁን ወደ ሥራህ!"

እንዲህ ያለ ክፉ አፍ ያለውን ሰው ይህን ያህል እወዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ትናንት አጠገቤ መጥተው ቆሙ። "ጻፍ" አሉኝ፤ "አመልካች ጣት።" ጻፍኩ። ከዚያ በዚያች ጣት ይጫኑት የነበረውን ቁልፍ በዐሥራ አንዱም ላይ ወደ ግራ አዛወርኩት።