ሽማግሌዎቹ ፊት ብቻዋን ያለቀሰችው ግራ ዓይኔ

ዛሬ አንድ ዓይኔ ሰርጌን ልታፈርሰው ነበር። ሁለቱም ተባብረው ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ አንዷ ብቻዋን!

ቁጭ በሉና አንብቡኝ። ሳቁን ግን እስክጨርስ ያዙልኝ።

የሳሚ ሽማግሌዎች ዛሬ ጠዋት ለሁለተኛ ጊዜ ጎባ እኛ ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። በመጀመሪያው ቀን አባባ እንደ ወጉ "እስቲ ቤተ ዘመድ እናማክር" ብሎ መልሷቸዋል። ዛሬ ዘር ተቆጥሮ፣ ሰባት ቤት መራራቃችን ተረጋግጦ፣ እሺ ወይም እምቢ የሚባልበት ቀን ነው። ዝምድና ከተገኘ ሳሚን እርሺው ማለት ነው። ሳሚን እንዴት እንደምወደው ደግሞ እዚህ ፔጅ ላይ ሰልችቷችኋል።

ታዲያ እኔ ብልጧ ትናንት ምን አደረግኩ? ሮቤ ሳሎን ሄጄ አርቴፊሻል ሽፋሽፍት አስለጠፍኩ።

አሁን ስለ ዓይኔ ልንገራችሁ።

አምና የጥድ ቅርንጫፍ ግራ ዓይኔን ገርፎኝ ነበር። ቁስሉ ዳነ፤ እኔም ረሳሁት። ለካ ኮርኒያ በሚባለው የዓይን ፊት ላይ ያለው ስስ ሽፋን ሲድን ከሥሩ በደንብ አልያዘም። ሌሊት ዓይኔ ሲደርቅ ቆቡ ላይ ይጣበቃል። ጠዋት ዓይኔን በድንገት ስገልጥ ያ ሽፋን ተላጦ ይነሳል።

ስሜቱን ለማታውቁት፦ በርበሬ የነካው ምላጭ።

ሐኪሙ ሕጉን ነግሮኛል። ማታ ቅባት። ጠዋት ዓይን ሳይገለጥ ጠብታ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሕፃን የተኛበት ቤት በር እንደሚከፈተው መክፈት። ማሸት በፍጹም የለም። ሕጉን ካከበርኩ ወራት በሰላም ያልፋሉ። የሲናና ወረዳ የስንዴ አዝመራ አቧራ እንኳ ምንም አያደርገኝም።

ትናንት ማታ ግን ቅባቱን አልተቀባሁም። የሽፋሽፍቱን ማጣበቂያ ያስለቅቀዋላ! የሳሎኗ ልጅ "ቅባት ነገር እንዳታስነኪው" ብላኛለች። የሐኪሙን ትቼ የሷን ሰማሁ።

ጠዋት እማዬ በሩን ደብድባ "አንቺ ልጅ፣ ሰዎቹ እኮ ደረሱ!" ስትል ደንግጬ ዓይኔን ቦግ አደረግኩ።

ተላጠ።

ጠብታውን አደረግኩ፤ ረፍዷል። እንባው አላቆም አለ፣ የመስኮቱን ብርሃን ማየት አቃተኝ። የግራው ሽፋሽፍት ተነቅሎ ጉንጬ ላይ ተኝቷል። ጥቁር መነፅሬን ሳነሳ እማዬ "ሽማግሌ ፊት በጥቁር መነፅር? አብደሻል?" ብላ ቀማችኝ።

ስለዚህ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ማስታጠቢያ ይዤ ገባሁ። አንድ ዓይን ርቀት እንደማይለካ ታውቁ ነበር? እኔ ዛሬ አወቅኩ። የመጀመሪያውን ውኃ ያፈሰስኩት የሳሚ ታላቅ አጎት፣ የጋሽ በላቸው ጭን ላይ ነው።

"ግድ የለም ልጄ" አሉ፣ ሱሪያቸውን እያራገፉ።

ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ። አባባ ዘር መቁጠር ጀመረ። አባት፣ አያት እያለ ጎባ ገና የወታደር ሰፈር ሳለች ከጦሩ ጋር ከሸዋ እስከመጣው ሰውዬ ደረሰ። ስለ ጠመንጃውና ስለ በቅሎው አወራ። የተሰጠው መሬት ቀድሞ የማን እንደነበር የሚለው ቦታ ላይ እንደ ሁልጊዜው ጉሮሮውን ጠርጎ አለፈው።

"ከወንድሙ ጋር ነው የመጣው" አለ። "የወንድሙ ስም ግን ጠፍቶብናል።"

ጋሽ በላቸው ቀና አሉ።

"የኛም ሰው ከሸዋ የመጣው ከወንድሙ ጋር ነው። ወንድምየው አንድ ዓይኑ ጠዋት ጠዋት ታለቅስ ነበር ይሉናል። ኋላ ተለያዩ፤ የት እንደገባ አይታወቅም።"

ቤቱ በሙሉ ወደ ግራ ዓይኔ ዞረ።

እሷም እንደተጠራች ሁሉ አንድ ትልቅ እንባ ዱብ አደረገች።

"የልጅቷ ዓይን ምን ሆኖ ነው?" አሉ ጋሽ በላቸው።

"አለርጂ ነው ትላለች" አለ አባባ።

"አለርጂ ደግሞ በዘር ነው።"

አለርጂ ያልኩት እኔው ነኝ! ቅርንጫፍ ነው ብል "የት?" እባላለሁ። ዲንሾ ጫካ። "ከማን ጋር?" ያን ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ የሚታወቀው አሰላ የመሥሪያ ቤት ሥልጠና ላይ መሆኔ ነው። አፌን ብከፍት በአባባ ፊት መዋረድ፣ ብዘጋ ሳሚን ማጣት።

ሦስተኛው ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ የነሳሚ ጎረቤት።

"የኔ አባቶች ያኔም እዚሁ ነበሩ" አሉ። "ስለመጡት ወታደሮች ብዙ ነግረውናል። አለቀሱ ሲሉ ግን አልሰማሁም።"

አባባ መሬት መሬት እያየ ሳቁን ዋጠ።

"ሜ፣ እስቲ ልጁ ያውቅ እንደሆነ ደውሉና ጠይቁት" አሉ ኦቦ ገመቹ።

የጋሽ በላቸው ጆሮ ትንሽ ከበድ ይላል። ስልካቸው ሁልጊዜ ላውድ ስፒከር ላይ ነው።

"ሳሚ፣ የዚች ልጅ ዓይን ከዘር ነው?"

"ኧረ አይደለም ጋሼ! እኔ ነኝ። ዲንሾ ጫካ ውስጥ ፊት ፊት ስሄድ ቅርንጫፉን ለቀቅኩባት። ምነው፣ ዛሬም አመማት? ማታ ቅባቱን ሳትቀባ ተኝታ ነው!"

በአንድ ስልክ ሁለት ወንጀል።

"ዲንሾ?" አለ አባባ።

እኔ በአንድ ዓይኔ ምንጣፉን አጠናሁ።

ለማንኛውም ብለው አገር ተጠያየቁ። የኛ ከመንዝ፣ የነሱ ከቡልጋ። ወንድማማች ሊሆኑ አይችሉም! ይህን መጀመሪያ ቢጠያየቁ ኖሮ ዲንሾ ተዳፍኖ ይቀር ነበር።

አባባ ጋቢውን አስተካከለ። እኔን አላየኝም።

"እንግዲህ ያቆሰላት እሱ ከሆነ፣ ማስታመሙም የእሱ ነው" አለ። "ሰጥተናል።"

ያኔ በሁለቱም ዓይኔ አለቀስኩ።

እንግዶቹ ሲሸኙ አባባ በሩ ላይ ቆሞ "የአሰላውን ሰርተፍኬት አምጪና ግድግዳ ላይ እንስቀለው" አለኝ።

አሁን መጋረጃ ዘግቼ፣ ቅባቴን እንደ ዳቦ ቅቤ ተለቅልቄ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ስህተት ካያችሁ የቀኟ ናት። የቀኙ ሽፋሽፍት እስካሁን ንቅንቅ አላለም።

ሳሚ ከሰርጉ በኋላ ጠዋት ጠዋት ጠብታውን እኔ ነኝ የማደርግልሽ ብሏል። እስከዚያ ግን አባባ ጠብታዬን ወስዶ ኪሱ ከትቶታል። ነገ ራሱ መጥቶ ሊቀሰቅሰኝ ነው።

ቀስ ብሎ ይሁን አይሁን አልነገረኝም። እናንተ ብትሆኑ እንቅልፍ ይወስዳችኋል?