ለወንድይፍራው የተሸነፍንበት ቀን

ምስጢር አይችሉም እያላችሁ የምታሙን ሰዎች፣ ሰው ሲሞትብን አላያችሁንም። በእኛ ከተማ በቀየት መምህሩ ምሳውን ምን እንደበላ ከመምህሩ ሆድ ቀድሞ ገበያው ያውቃል። የማን ላም ወለደች፣ ማን ከሚስቱ ጋር ተኮራረፈ፣ የወረዳው ኃላፊ በምን ምክንያት አዲስ ጫማ ገዛ፣ ሁሉም በአንድ ጀንበር ይዳረሳል። የአንድ ሰው እናት የሞተች ቀን ግን ያ ሁሉ ወሬኛ አፉን ይለጉማል። ሻይ ቤቷ ታውቃለች፣ ልብስ ሰፊው ያውቃል፣ በግ ሊሸጥ የመጣው ባላገር እንኳ ያውቃል፤ የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ በመንገድ ሲያልፍ የሁሉም ሰላምታ ከወትሮው ትንሽ ይረዝማል። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል በሩ ይንኳኳል።

መርዶ ለምን በማለዳ እንደሚነገር እኔን አትጠይቁኝ፤ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሲነገረኝ የሰማሁት፣ ሰው ኀዘኑን ቀን መንገድ ላይ ከሰማ ደጋፊ ሳይኖረው ይሰማል፣ ማታ ከሰማ ደግሞ ሌሊቱ አይነጋለትም የሚለውን ነው። ስለዚህ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ግራና ቀኙን ሰው ይዞት ይስማ። ደግ ሐሳብ ነው። እኔም የስንቱን ክንድ ይዣለሁ። በዚህ ደግነት የተጸጸትኩት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ያንን ለመናገር ግን ከጌም መጀመር አለብኝ። አትሳቁ፤ ኋላ የሚያስቅ ነገር የለውም።

አንድ ለአምስት በተደራጀንበት ዘመን ነው። ሞባይል መጥቶ ነበር፣ ኔትወርኩ ግን ገና እየተግደረደረ ስለነበር፣ ስልክ ያማረው ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ሰማይ ይዘረጋል። ደምሰው የሚባል ጓደኛዬ ከደብረ ብርሃን አንድ ቴሌቪዥንና አንድ መጫወቻ ገዝቶ መጣና የአባቱን የገብስ መጋዘን ጌም ቤት አደረገው። በአዘቦት ቀን ቤቱ የተማሪ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ተማሪው ሁሉ እርሻና ገበያ ስለሚውል የእኛ የትልልቆቹ ይሆናል። እኔ ሰኞ ሰኞ ጌም ቤት የዋለ ተማሪ እንደምቀጣ እዚህ ላይ ባላነሳው ደስ ይለኛል።

ሌላው ኳስ ሲጫወት የእኛ የሦስታችን ልብ የተሰረቀው በአንድ ተከታታይ ጌም ነበር። ሦስተኛችን ወንድይፍራው ነው፤ የወረዳው የእንስሳት ጤና ረዳት፣ የጊሼ ልጅ፣ በግ ሲከትብ እንኳ በጉን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው። የጌሙ ዋና ሰውዬ የፈረንጅ ስሙ አፋችን ላይ አልቀመጥ ስላለን ኮቴ ቢስ አልነው። የኮቴ ቢስ ሥራ ማለፍ ነው። ግንብ ውስጥ ይገባል፣ ዘበኞቹ ይመላለሳሉ፣ እሱ ጥላ ጥላውን ይዞ በመካከላቸው ሄዶ የሚፈልገውን አይቶ ይወጣል። ከታየ ደወል ይደወላል፣ ያኔ አለቀለት። መሣሪያ አለው፤ ግን የጌሙ ጨዋነት ሳይተኩሱ መጨረስ ላይ ነው። ለዚህም ዘበኛውን ማጥናት ያስፈልጋል፦ የቱ ጋ ሲደርስ እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚያዛጋ፣ ከወትሮው ምን እንደተለወጠበት።

ወንድይፍራው ሦስቱንም ክፍሎች አንድ ሰው ሳይነካ፣ አንዴም ሳይታይ ጨርሷቸዋል። ስናደንቀው፣ ጓሳ ላይ፣ ሕዝቡ የከለለው ሣር ለአጨዳ ሳይፈታ፣ ሌሊት ተደብቀው ገብተው የሚያጭዱ ሰዎች ቢያዩን ይስቁብን ነበር ይላል።

ከዚያ ፊልሙ መጣ። ጌሙን ፊልም አደረጉት ተብሎ በሲዲ ደረሰንና በዓል አስመስለን ተሰብስበን አየነው። በፊልሙ ኮቴ ቢስ በሩን ሰብሮ ነው የሚገባው። ዘበኞቹን አንድ በአንድ ጨረሳቸው፤ ግንቡም ተቃጠለ። ወንድይፍራው ሲያልቅ ብድግ አለና ሰውየውን ገደሉት አለ። ማንን ብንለው ኮቴ ቢስን አለን።

ክርክራችን የተጀመረው ያን ዕለት ነው፤ ሁለት ዓመት ሄደ። እሱ የሚለው፣ ጌም ስትጫወት ትንፋሽህን የምትይዘው አንተ ነህ፣ ፊልም ግን ትንፋሽህን ያዝ ሊልህ ስለማይችል በፍንዳታ ይደልልሃል፤ ስለዚህ ዝምታ ያለበትን ጌም ፊልም አታድርጉት ነው። እኔ ደግሞ፣ አንድ ሰው በርሜል ኋላ ሩብ ሰዓት ተደብቆ ሲቀመጥ ማን ከፍሎ ያያል፣ ፊልም የራሱ ሕግ አለው ባይ ነኝ። ደምሰው በበኩሉ ፊልሙን ያየ ሁሉ ጌሙን ልጫወት ብሎ ስለሚመጣ ፊልሙ ቅዱስ ነው ብሎ ደመደመ። እንግዲህ እኛ አገር ክርክር ላይ እሺ ብሎ መነሳት ነውር ነው። እሺ ካልክ ወይ አሞሃል ወይ ሰውየውን ንቀኸዋል።

አንድ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ገደማ ጉብታው ላይ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የወንድይፍራው አጎት ነበሩ። ድምፃቸው ተሰብሯል። እህታቸው፣ ማለትም የወንድይፍራው እናት እማማ አየለች፣ በጣም መታመማቸውን ነገሩኝና ልጁን ዛሬውኑ እንድልከው ለመኑኝ።

«በእውነት ታማለች መምህር፤ ልጄን ጥሩልኝ እያለች ነው» አሉ፤ ስልኩም ተቋረጠ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትረዱ ነበር? ሰው ሞቷል ተብሎ በስልክ ተነግሮ ያውቃል? ሬሳ በቤቱ ያስተኛ ሁሉ ታሟል ነው የሚለው። በእውነት ታሟል ማለትም እንግዳ አይደለም፤ እኔ ራሴ ለሌላ ሰው ልጅ እንደዚያ ብዬ ምዬ አውቃለሁ። ያ የተሰበረ ድምፅ ደግሞ ተጨመረበት። ከጉብታው ስወርድ እማማ አየለችን በልቤ አልቅሼላቸው ጨርሼ ነበር። ደምሰውም ገና የወንድይፍራው አጎት ደወሉ ስለው እናቱ ናቸው አለ። ሁለታችን የእድሩን ሽማግሌዎች አማከርን፤ እነሱም ራሳቸውን ነቅንቀው ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንነግረዋለን፣ መኪናም ይዘን እንወስደዋለን፣ እስከዚያ ከዓይናችሁ እንዳይጠፋ አሉን። ሌላ መንገድ ያሰበ የለም። እኔም አላሰብኩም።

ሥራችን ተከፋፈለ። ደምሰው ስልክ ልደውልበት ብሎ የወንድይፍራውን ሞባይል ተቀበለውና ባትሪውን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። እኔ ምሳ ጋበዝኩት። ከዚያ በፊት እኔ ሰው ስጋብዝ ታይቼ አላውቅም። ጥብስ አዘዝኩ፣ አጎረስኩት፣ ደምሰውም አጎረሰው፣ ደግሜ አጎረስኩት። ከምግቡ በኋላ ጌም ቤት ወስደን በሩን ገርበብ አደረግነውና ያንን ፊልም እንደገና እንየው አልነው። ተገረመ፤ ግን ተቀመጠ።

ግማሽ ላይ እንደደረስን መብራት ጠፋ። ወንድይፍራው እንግዲህ ልሂድ ብሎ ተነሳ። በዚያው ቅጽበት በውጭ የአይሱዙ ጥሩምባ ተሰማ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ገብስ ጭኖ ወደ ራቤል፣ ወደ ወንድይፍራው እናት አገር፣ የሚሄደው ነው፤ አሥራ አንድ ሳይሞላ ይደርሳል። ወንድይፍራው ለእናቱ ስኳር ሊልክ እንደነበር ነገረንና ለሹፌሩ ልስጠው አለ። ደምሰው ዓይኑን ሳያሽ ዛሬ ወደ ራቤል አይሄድም፣ ሰኞ ነው የሚሄደው አለው። ወንድይፍራው በሩን አየ፣ ደምሰውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ቁጭ አለ።

ዝምታው ሲያስፈራኝ ክርክሩን አነሳሁ። ያውም ልቤ ስለባባ፣ ደስ እንዲለው ብዬ፣ ሳስበው ሳስበው አንተ ነህ ልክ፣ ፊልሙ ጌሙን አበላሽቶታል አልኩት። ደምሰው እኔንም አሸንፈኸኛል አለ። ወንድይፍራው ዓይኑን ከጠፋው ቴሌቪዥን ላይ አላነሳም። መብራቱ ሲመጣ ፊልሙን ከቆመበት ቀጠልነው፤ ኮቴ ቢስ ሲተኩስ፣ ግንቡ ሲቃጠል አብረን አየን። አመሻሽ ላይ ቤቱ ድረስ ሸኘነው። ባትሪው ደምሰው ኪስ እንደቀረ ነው፤ ስልኩን ሲቀበለን አልከፈተውም።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል በሩን አንኳኳን። ለብሶ ጋቢውን ደርቦ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ነገሩት፣ ክንዱን ያዝን። ግን የምንይዘው ነገር አልነበረም፤ አልወደቀም፣ አልጮኸም፣ ደረቱን አልመታም። እሺ አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

ከቤታቸው አፋፍ ስንደርስ ሙሾ ይሰማል። አጎትየው ወጡ፤ ወንድይፍራውን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ምነው ትናንት ሳትልኩት? ፀሐይ እስክትጠልቅ እኮ ደጁን እያየች ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እማማ አየለች በስልኩ ሰዓት በሕይወት ነበሩ። እኔ ፊልሙን ስከፍት በሕይወት ነበሩ። አይሱዙው ያን ዕለት ራቤል የገባው አሥራ አንድ ሳይሞላ ነው፤ እሳቸው ያረፉት ሲመሽ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ያንን አንድ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደቀነስኩትና እንደደመርኩት አትጠይቁኝ።

በሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ሲሳሳ ወንድይፍራው አጠገባችን መጥቶ ተቀመጠ። እኔ ይቅርታ ማለት ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። እሱ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ።

«እኔም አውቄ ነበር» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እሺ ያላላችሁኝ ሰዎች፣ ሁለታችሁም በአንድ አፍ እሺ አላችሁኝ። ያኔ እናቴ ሞታለች አልኩ። መጀመሪያ አይሱዙው ሲነሳ ጠርጥሬ ነበር፤ ሮጬ ልወጣ ነበር። ከሞተች ግን ምን ያስሮጠኛል? እናንተም ብዙ ደክማችሁ ነበርና ላሳፍራችሁ አልፈለግኩም።»

ደምሰው ተነስቶ ከድንኳኑ ወጣ። እኔ መውጣትም አቃተኝ። ሰውየው እናቱን ያጣው እኛ ስለዋሸነው ብቻ አይደለም፤ ስላመነን ነው። አሳሳታችሁኝ ብሎ ቢሰድበኝ፣ ቢማታ፣ ቂም ቢይዝ፣ ለእኔ መድኃኒት ነበር። ምንም አላደረገም። ወደ ቀየት ተመልሶ በጉን መከተቡን ቀጠለ፤ ጌም ቤት ግን መምጣት ተወ። ስለ ፊልሙም ከዚያ ወዲህ አንስተን አናውቅም።

ዓመት ከምናምን አለፈ። ሐሙስ ቀን፣ ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ ወንድይፍራው በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ተማሪዎቹ ፊት ነው፤ ወደ ውጭ እንኳ አልጠራኝም።

«ከአገርህ ከመርሐቤቴ ደውለውልኝ ነበር። አባትህ ታመዋል አሉኝ። ይኑሩ፣ ይረፉ፣ እኔ አላውቅም፤ የነገሩኝን ነው የነገርኩህ። መኪና አስቁሜያለሁ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።»

እውነቱን ልናገር? ተቆጣሁ። ምን ያለ ባለጌ ነው አልኩ በልቤ። ሰው እንዲህ ይነገረዋል? በቀትር፣ ሳልበላ፣ ጣቴ ላይ ጠመኔ እንዳለ? ሰሌዳውን ተደግፌ ቆምኩ። በኋላ እንደሰማሁት የእድሩ ሽማግሌዎችም ወንድይፍራው ነውር ሠራ ብለው አምተውታል። እሱ ግን ክንዴን ይዞ አወጣኝ። መንገዱን ሙሉ በአንድ ቃል እንኳ አላጽናናኝም። አይዞህ ደህና ናቸው አላለኝም፤ አላውቅም ነው ያለኝ። ስጠይቀው አላውቅም፣ ደግሜ ስጠይቀው አላውቅም። እንደዚያ ቀን ሰውን ጠልቼ አላውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ደረስን። ከደጅ የሚሰማ ልቅሶ የለም። ስገባ አባቴ መደብ ላይ ተጋድመዋል፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን እንደዱሮው ይገላምጣል። ጉልበታቸውን ስስም፣ በሥራ ቀን ማን ጠራህ፣ ተማሪዎቹን ለማን ጥለህ መጣህ ብለው ተቆጡኝ። ወንድይፍራውም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳማቸው። ማን ነው ይሄ ደግሞ አሉ። ጓደኛዬ መሆኑን ስነግራቸው መረቁት፣ እናትህን ያኑርልህ አሉት። አሜን አለና ወጣ።

ቆይቶ ስፈልገው ከቤቱ ጀርባ፣ ጭድ ክምሩ ጋ አገኘሁት። ተንበርክኮ፣ ጋቢውን በአፉ ነክሶ፣ በመርዶው ጠዋት ያላለቀሰውን ልቅሶ ያለቅሳል። ከአጠገቡ ተቀመጥኩና ክንዱን ያዝኩት።