የቤንዚን ፓምፕ ለውጥ አስተባባሪ ኮሚቴ

በመቀሌ ከተማ፣ በአንድ የግል ግቢ ውስጥ የተካሄደውን ታላቅ የቴክኒክ ንቅናቄ ለትውልድ ማስተላለፍ ግዴታዬ ነው። ግዴታውን የጣሉብኝ አከራዬ አቶ ጎደፋ ናቸው። እሳቸው በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ እኔ ታዲዮስ ደግሞ እንዳ ኢየሱስ ባለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ታሪክ ስለማስተምር ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ተመረጥሁ። ስብሰባውም ለእኔ ሲባል በአማርኛ ሆነ።

አቶ ጎደፋ በጊዜ አጠቃቀም ላይ ሦስት ሳምንት ሠልጥነው ሲመለሱ መኪናቸው አልነሣም አለች። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ደግሞ ልጃቸው ትምኒት የቃላሚኖ አዳሪ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አለባት። ዓመቱን ሙሉ ለዚህች ቀን ስታጠና ነው የከረመችው። ያረፈደ አይገባም። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

«መካኒክ ልጥራ?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይኒ።

«መካኒክ ይፈታል እንጂ አያቅድም» አሉ አቶ ጎደፋ።

ወዲያው በእሳቸው ሊቀ መንበርነት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አጀንዳም ተያዘ፦ የችግሩ መነሻ፣ የመፍትሔ አቅጣጫ፣ ትግበራ፣ ልዩ ልዩ። ቁልፉ ሲዞር ከኋላ ወንበር ሥር ይሰማ የነበረው «እዝዝ» የሚል ድምፅ ስለ ጠፋ፣ የቤንዚን ፓምፑ መሞት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ትምኒት እጇን አወጣች። «ኣቦይ፣ ወደ ሥልጠናው ስትሄድ እኮ...»

«ገንቢ አስተያየት ነው። በልዩ ልዩ ይታይልሻል።»

ማታ እራት ላይ ደግማ ጀመረች። አባትዬው ጣታቸውን አነሡ። «ከስብሰባ ውጭ ስለ መኪናው የሚወራ ሁሉ አሉባልታ ነው።»

ሐሙስን አቅጣጫ ስናስቀምጥ ዋልን። የትምኒት እጅ እንደገና ወጣ።

«ልዩ ልዩ ገና አልደረስንም፣ ጓለይ።»

ዓርብ ከሰዓት ትግበራው ተጀመረ። አቶ ጎደፋ አዲሱን ፓምፕ ከፍ አድርገው ይዘው፣ «ዛሬ የምንቀይረው ፓምፕ ብቻ አይደለም፤ አስተሳሰብ ጭምር ነው!» ሲሉ ንግግር አደረጉ።

«አስተሳሰቡ ይቆይና መጀመሪያ ባትሪውን ንቀል፤ ቤንዚን ነው» አሉ ወይዘሮ ወይኒ።

ባትሪው ተነቀለ። የኋላው ወንበር ወጣ፣ ከሥሩ ያለው የፓምፑ ክዳን በካቻቢቴ ተፈታ፣ ግቢው በሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። አሮጌው ፓምፕ ምንም የሞተ አይመስልም ነበር፤ ግን ሞቱ ጸድቋል። እኔ ብሎኖቹን በሳህን ይዤ በሌላው እጄ እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያምር ነበር። ሁሉም ተመልሶ ተገጠመ፣ ባትሪውም ተሰካ፤ አንድ ብሎን እንኳ አልተረፈንም።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉ ዞረ። ሞተሩ ተንገራገጨ እንጂ አልተነሣም።

«ጊዜያዊ ተግዳሮት ነው» አሉ አቶ ጎደፋ ከመሪው ሳይነሡ።

«ኣቦይ፣ አሁንስ ልናገር?»

«ትግበራው ሳይገመገም እንዴት ልዩ ልዩ እንገባለን?»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም አንገቴን ቃለ ጉባኤው ላይ ደፋሁ። አፈርሁ፤ ማፈሬን ግን አልመዘገብሁትም።

«ኣታ ሰብኣይ፣ በል ከፓምፕህ ጋር ተሰብሰብ!» ብለው ወይዘሮ ወይኒ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ። ከበር ላይ ባጃጅ አስቆሙ።

ፈተናው ላይ በሰዓቱ ደርሳለች። እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ እኛ ገና ግምገማ ላይ ነበርን።

«ልዩ ልዩ ደረሰ?»

«ደርሷል፤ ተናገሪ» አሉ አባቷ ድምፃቸው ተዳክሞ።

ትምኒት ወደ መኪናዋ ተጠጋች። በመኪናዋ መስኮት ጎንበስ ብላ ከመሪው ሥር እጇን ሰደደች፤ አንዲት ነገር ቀጭ አለች።

«ሌባ መኪናዋን እንዳይወስድ ብለህ የሠራሃት ድብቅ ማጥፊያ ናት። ለፓምፑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ትቆርጣለች። ስትገጥማት የእጅ ባትሪ ያበራሁልህ እኔ ነኝ፤ ለእናቴ ለኣደይ እንኳ እንዳልነግር አስምለኸኛል። ወደ ሥልጠናው ስትሄድ አጥፍተሃት ሄድህ።»

አቶ ጎደፋ ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች። የምንሄድበት ቦታ ግን አልነበረንም።

ሊቀ መንበሩ ሞተሩን አጠፉ። በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «መምህር፣ ጻፍ» አሉኝ። እኔም ቃል በቃል ጻፍሁ፦

«ድብቅ ማጥፊያው የተገጠመለትን ዓላማ መቶ በመቶ አሳክቷል። ባለቤቱን ጨምሮ፣ መኪናዋን ከግቢ ይዞ መውጣት የቻለ አንድም ሰው የለም።»