የትሎቹ ስም ጠሪ

በየሰፈሩ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ ተቆጣጣሪ አይጠፋም። አንዱ የጎረቤቱን እንግዳ ይቆጥራል፤ ሌላው ቧንቧ ከፍቶ የሚረሳውን ይሰልላል። የእኛ ሕንፃ ተቆጣጣሪ፣ ክብርት እትዬ ወረንጦ፣ የሚቆጥሩት ግን የምድር ትል ነው።

እትዬ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት ናቸው። ከሕንፃው ጀርባ ጎመንና ሰላጣ የምናበቅልበት ትንሽ ትንሽ መደብ አለን። ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ከየመደቡ አንድ አካፋ አፈር ይገለብጡና ስም ይጠራሉ። "አሥራ አንድ ተገኝተዋል። ባለፈው አሥራ ሦስት ነበሩ። ሁለቱስ?" የመደቡ ባለቤት መልስ ካጣ "ወላጅ አምጣ" ሊባል ትንሽ ነው የሚቀረው።

ቅጽል ስሙን ያተረፉት በልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ጦስ ነው። "አፈርህ ደክሟል፤ ማዳበሪያ ጣል አድርግበት" ቢሉት፣ ሰውየው የእህል መያዣውን ማዳበሪያ ቀዶ መደቡን አለበሰው። ፀሐይ አደቀቀውና የፕላስቲኩ ክር ከአፈሩ ጋር ተደባለቀ። እትዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቅንድብ ወረንጦ ለቀሙት። "ትሉ ይህን ከምግብ አይለይም፤ ይውጠዋል። ሆዱ ይሞላል እንጂ አይጠግብም" ይሉናል እየለቀሙ። ልብስ ሰፊው እስከ ዛሬ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው "መድኃኒት" የምትለዋ ቃል ናት። "ለጎመኔ መድኃኒት ልርጭ" ያለ ሰው አለቀለት። "መድኃኒት የሚያድን ነው። አንተ የያዝከው መርዝ ነው፤ በስሙ ጥራው።"

እኔም በስሙ ሳልጠራው ረጨሁት። ጎመኔን ተባይ ወርሮት ነበር፤ እትዬም ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ ተመልሰው አፈሬን ገለበጡ። አንድ ትል። ደግመው ገለበጡ። ምንም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አጎነበሱ። ጉድ ሊፈላ ነው ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ዓይኔ ሳይከዳኝ አልቀረም። ከእንግዲህ መቁጠሩን ብተወው ይሻላል።"

አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ቁጥጥሩም በዚያው ያበቃ ነበር። አፌ ግን እምቢ አለኝ።

"እትዬ፣ ዓይንዎ ደህና ነው። እኔ ነኝ የረጨሁት።"

ፊታቸው ፈካ። "እሰይ" አሉ፤ "እኔ እኮ መታወሬ ነው ብዬ..." ሳይጨርሱት ወደ አፈሩ ተመለከቱ። ፈገግታቸው ጠፋ።

"እንግዲያው አልቀዋል ማለት ነው።" የገለበጡትን አፈር በመዳፋቸው መልሰው ደለደሉት። "ዓይኔ በሆነ ይሻል ነበር።"

ቁጣቸውን ለምጄዋለሁ፤ ይህችን ግን አልቻልኳትም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አካፋውን የምይዘው እኔ ነኝ። አሁን ከመደቤ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ትል ይገኛል። እውነቱን ለመናገር የእትዬ ዓይን እንደ ድሮው አይደለም፤ ክር የምታክለዋን ትል ብዙ ጊዜ ቀድሜ የማያት እኔ ነኝ። አልናገርም። አፈሩን በእጄ ወደ መነጽራቸው አስጠጋለሁ፣ ራሳቸው እስኪያገኟትም እጠብቃለሁ።